የእርዳታው ገንዘብ ሲሳሳ ኮንሰልታንቱ ምን ይሠራል?

ቱሉ ዲምቱ ወይም ኮዬ ፈጬ የሚኖር ሰው ይህን ሳያስተውል አይቀርም። በማለዳ በድርጅት ሰርቪስ ወደ ቦሌ ይሄዱ የነበሩ ጎረቤቶች አሁን ረፋድ ላይ ካፌ ተቀምጠዋል። ላፕቶፕ ከፍተዋል። አንዷን ማኪያቶ ሁለት ሰዓት ያቆዩአታል። "ሥራ እንዴት ነው?" ሲባሉ መልሳቸው ተመሳሳይ ነው፤ "ኮንሰልታንሲ እየሞካከርኩ ነው።"

ይህ መልስ ለብዙ ሰው ግልጽ አይደለም። ለአንዳንዱ ኮንሰልታንት ማለት በቀን በዶላር የሚቆጠርለት ሰው ነው። ለሌላው ደግሞ ሥራ መፍታትን በክራቫት የመጥራት ዘዴ ነው። ሁለቱም ትንሽ ትንሽ እውነት አላቸው። የቀረውን እንየው።

ኮንሰልታንት ምን ዓይነት ሰው ነው?

በከተማው ዳር ስንኖር ግንባታ ከዓይናችን አይጠፋም። የቆርቆሮ አጥሩ ላይ የሚሰቀለውን ሰሌዳም ሁላችንም እናውቀዋለን። አሠሪ እከሌ፣ አማካሪ እከሌ፣ ሥራ ተቋራጭ እከሌ ይላል። የልማት ፕሮጀክትም በዚሁ መልክ ይሠራል። አሠሪው ገንዘቡን የሚሰጠው ነው፤ ለጋሽ ወይም ዶነር ይባላል። ተቋራጩ ሥራውን መሬት ላይ የሚያወርደው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም ኤንጂኦ ነው። አማካሪው፣ ማለትም ኮንሰልታንቱ፣ ለተወሰነ ጊዜ በውል ገብቶ ይለካል፣ ይመረምራል፣ ሪፖርት ጽፎ ይወጣል። ተቀጣሪ አይደለም። ጡረታ፣ የዓመት ፈቃድ፣ የሕክምና ሽፋን የሚባል ነገር የለውም።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። "የፕሮጀክቱ ተጠቃሚ" የሚባለው ሰው ሰሌዳው ላይ ስሙ የለም። ኮንሰልታንቱን የሚቀጥረው እሱ አይደለም። ምን ይጠና ብሎ የሚወስነውም እሱ አይደለም። ሪፖርቱም ለእሱ አይላክም። በዚህ ዘርፍ ግራ የሚያጋባው ነገር አብዛኛው የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ሥራዎቹ ብዙ ዓይነት ናቸው። ፕሮጀክት ሳይጀመር የሰዉ ኑሮ ምን እንደሚመስል የሚለካው ቤዝላይን ይባላል። ሲያልቅ ያንኑ መልሶ የሚለካው ኢንድላይን ነው። መሃል ላይ ደግሞ ሚድተርም አለ። ግምገማ ሲሆን መለኪያዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ናቸው፤ የበለጸጉት አገሮች ድርጅት የሆነው ኦኢሲዲ ያወጣቸው ናቸው። ሥራው አስፈላጊ ነበር ወይ፣ ከሌሎች ሥራዎች ጋር ይጣጣማል ወይ፣ ግቡን መታ ወይ፣ ገንዘቡ በአግባቡ ወጣ ወይ፣ ምን ለውጥ አመጣ፣ ለጋሹ ሲሄድ ይቀጥላል ወይ። የመጨረሻው ጥያቄ በአገራችን ሪፖርቶች ውስጥ በጣም አጭር መልስ የሚሰጠው ነው።

ገንዘቡ ከየት ተነስቶ እዚህ ይደርሳል?

የሀብታም አገር መንግሥት ለድሃ አገር ልማት የሚሰጠው ስጦታ ወይም ቀለል ያለ ብድር ይፋዊ የልማት እርዳታ ይባላል። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1970 ሀብታም አገሮች ከብሔራዊ ገቢያቸው 0.7 በመቶውን ለዚህ እንዲያውሉ ግብ አስቀምጦ ነበር። ግቡን የመቱት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2024 የሁሉም ድምር የግቡን ግማሽ እንኳ አልሞላም።

ገንዘቡ በዋናነት በሁለት መንገድ ይመጣል። አንደኛው ከመንግሥት ወደ ኤንጂኦ ወይም ወደ ኮንትራክተር ኩባንያ ነው። ለምሳሌ አሜሪካ፣ ዩኤስኤአይዲ የተባለው የእርዳታ ድርጅቷ ከመዘጋቱ በፊት፣ በእሱ በኩል ገንዘብ ትመድብ ነበር። ዋናውን ውል ዋሽንግተን አካባቢ ያለ ትልቅ ኩባንያ ያሸንፋል። ኩባንያው አዲስ አበባ ላለ አጥኚ ድርጅት ከሥራው ቆርሶ ይሰጣል። ድርጅቱ ቡድን መሪ የሚሆን አንድ ኮንሰልታንት በግል ይይዛል። ኮንሰልታንቱ ደግሞ ታብሌት ይዘው ቤት ለቤት የሚዞሩ መረጃ ሰብሳቢዎችን ይፈልጋል። በየደረጃው የቢሮ፣ የመኪና፣ የአስተዳደር እየተባለ ይቆረጣል። ቱሉ ዲምቱ የምትኖረው መረጃ ሰብሳቢ ጋ ሲደርስ የሚቀረው የቀን አበል ነው።

ሁለተኛው የባንክ መንገድ ነው። የዓለም ባንክ ወይም የአፍሪካ ልማት ባንክ ለመንግሥት ያበድራል፣ አንዳንዴም ይሰጣል። ኮንሰልታንቱን የሚቀጥረው ግን ባንኩ ሳይሆን ተበዳሪው ሚኒስቴር ነው። ባንኩ ቅጥሩ በደንቡ መሠረት መካሄዱን አይቶ "ተቃውሞ የለኝም" ይላል። ብዙ ሰው "የዓለም ባንክ ሥራ አገኘሁ" ሲል ውሉ ላይ የሚፈርምለት የሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ነው። ክፍያ ሲዘገይ የት መሄድ እንዳለበት የሚጠፋውም ለዚህ ነው።

የአገሬው ድርጅቶች በቀጥታ ገንዘቡን ያግኙ የሚል ቃል ስንት ጊዜ ተገብቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 ትልልቆቹ ለጋሾችና የሰብዓዊ እርዳታ ድርጅቶች እስከ 2020 ድረስ 25 በመቶው ገንዘብ በተቻለ መጠን በቀጥታ ወደ አገር በቀል ተቋማት እንዲሄድ ተስማምተው ነበር። ዩኤስኤአይዲም በ2021 ተመሳሳይ ቁጥር ጠቅሶ ቃል ገባ። ሁለቱም ከግባቸው ሳይደርሱ ቀሩ።

ጥናቱ ራሱ ውስጡ ምን ይመስላል?

የከተማ ሴፍቲኔትን እንውሰድ። የዓለም ባንክ 300 ሚሊዮን ዶላር መድቦለት አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች የተጀመረው የድሃ ቤተሰቦች መደገፊያ ፕሮግራም ነው። ማለዳ አስፋልት ዳር መጥረጊያ ይዘው የምናያቸው እናቶች ብዙዎቹ በዚህ የታቀፉ ናቸው። እንግዲህ እንበልና አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ ባለ አንድ ወረዳ የእነዚህ ሴቶች ኑሮ ተሻሽሏል ወይ የሚል ጥናት ታዘዘ።

መረጃ ሰብሳቢው ታብሌቱን ይዞ ደጅ ያንኳኳል። የጣሪያው ቆርቆሮ፣ የወለሉ ዓይነት፣ የሽንት ቤቱ ሁኔታ ይጠየቃል። ከዚያ ምግብ ይመጣል። የዓለም ምግብ ፕሮግራም የሚጠቀምበት የታወቀ መለኪያ አለ፤ ባለፉት 7 ቀናት እያንዳንዱ የምግብ ዓይነት ስንት ቀን እንደተበላ ይቆጥራል።

"እናቴ፣ ባለፉት ሰባት ቀናት ጥራጥሬ ለምሳሌ ሽሮ ስንት ቀን በሉ?"

"ልጄ፣ ሽሮ ያልበላሁበትን ቀን ብትጠይቀኝ አይቀልህም?"

ይህ ሳቅ ያለበት ክፍል ነው። ቁም ነገሩ ቀጥሎ ነው። በመለኪያው ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል ለእያንዳንዱ ቀን 4 ነጥብ አላቸው፤ ወተትም እንዲሁ 4። ጥራጥሬ 3፣ እህል 2፣ አትክልት 1። ድምሩ 21 እና ከዚያ በታች ከሆነ ቤተሰቡ "ደካማ" አመጋገብ ውስጥ ይመደባል። ከ35 በላይ ከሆነ "ተቀባይነት ያለው" ይባላል። አሁን ቤዝላይኑ ሁዳዴ ላይ ቢውልስ? በደህናው ጊዜ በሳምንት 3 ቀን ወተት የሚገባበት ጾመኛ ቤት በጾሙ ምክንያት ብቻ 12 ነጥብ ያጣል። ኢንድላይኑ ደግሞ ከፋሲካ በኋላ ተሠራ እንበል። ሪፖርቱ ላይ ያማረ ግራፍ ይወጣል፤ አመጋገብ በከፍተኛ ደረጃ ተሻሻለ ይላል። ያሻሻለው ግን ፕሮጀክቱ አይደለም፤ ፋሲካ ነው።

ይህን ለማወቅ ዶክትሬት አያስፈልግም። እዚህ አገር መኖር ይበቃል። ነገር ግን የጥናቱ ቀን የሚወሰነው በለጋሹ የበጀት ዓመት ነው፤ የአሜሪካ የበጀት ዓመት ደግሞ መስከረም 20 ገደማ ስለሚዘጋ ሁሉም ነገር ወደዚያ ይጣደፋል። "ቀኑን በሁለት ወር እንግፋው" ብሎ የሚከራከር ኮንሰልታንት ጥሩ ኮንሰልታንት ነው። እንደ ችግር ፈጣሪ የሚታይበት ጊዜም ብዙ ነው።

በ2017 ምን ተፈጠረ?

ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም ዶናልድ ትራምፕ ሥልጣን በያዙበት ዕለት የውጭ እርዳታን ለ90 ቀናት የሚያግድ ትዕዛዝ ፈረሙ። ከቀናት በኋላ "ሥራ አቁሙ" የሚል ደብዳቤ ለየድርጅቱ ደረሰ። መጋቢት 1 ቀን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ማርኮ ሩቢዮ ከዩኤስኤአይዲ ፕሮግራሞች 83 በመቶው መሰረዛቸውን አስታወቁ። ሰኔ 24 ቀን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ የነበረው ድርጅት ሥራው ለአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ተላልፎ ተዘጋ ማለት ይቻላል።

ኢትዮጵያ ከሰሃራ በታች ካሉ አገሮች ከአሜሪካ ብዙ እርዳታ ከሚያገኙት ግንባር ቀደም ስለነበረች ዱላው ከባድ ነበር። ጤና ሚኒስቴር በዚሁ ገንዘብ ይከፈላቸው የነበሩ 5,000 የሚሆኑ የጤና ሠራተኞች ውል እንዲቋረጥ ደብዳቤ ጻፈ። ኮንሰልታንቶች በቁጥር ያን ያህል ባይሆኑም የነሱ ጣጣ ሌላ ነው። ሥራው ተሠርቶ፣ ሪፖርቱ ገብቶ፣ ክፍያው አየር ላይ የቀረባቸው አሉ። ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ5 ለ4 ድምፅ ለተጠናቀቀ ሥራ ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር እንዲከፈል የታዘዘው ባለበት ጸና። ዋናው ኩባንያ ሲከፈለው ግን ሰንሰለቱ ጫፍ ላይ ያለው ወዲያው አገኘ ማለት አይደለም።

ነገሩ የአሜሪካ ብቻ አይደለም። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. እስከ 2027 እርዳታዋን ከ0.5 ወደ 0.3 በመቶ እንደምታወርድ አሳውቃለች፤ ገንዘቡ ወደ መከላከያ ይሄዳል። ጀርመንና ፈረንሳይም ቀንሰዋል። እነዚህ ቅነሳዎች እንደ አሜሪካው በአንድ ሌሊት የመጡ ስላልሆኑ ብዙም አልተወራላቸውም።

ከዚያ በፊት ደግሞ የብሩ ጉዳይ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ለለጋሹ ጥሩ ዜና ነው፤ በያዘው ዶላር ብዙ ብር ያገኛል። በብር ውል ፈርሞ መኪና ለተከራየው ኮንሰልታንት ግን ኪሳራ ነበር።

ታዲያ ሥራ አለ ወይስ የለም?

አለ። ግን ቦታው ተቀይሯል፤ የሚፈለገው ሙያም እንዲሁ።

የሳሳው በዋናነት የስጦታ ገንዘብ ነው። የባንኮቹ ብድር አሁንም ይመጣል። ብድር ሲመጣ ደግሞ ጥናት አብሮ ይመጣል፤ መንገድ፣ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ማከፋፈያ ጣቢያ ሲሠራ የአካባቢና የማኅበረሰብ ተጽዕኖ ጥናት ግዴታ ነው። የዓለም ባንክ አሁን የሚሠራበት የአካባቢና ማኅበረሰብ ማዕቀፍ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2018 ጀምሮ የጸና ነው። ከቢሾፍቱ አጠገብ የሚሠራውን አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ አስቡት። የአፍሪካ ልማት ባንክ የገንዘብ ማሰባሰቡን ይመራል። እንዲህ ያለ ባንክ ሲገባ ከመሬቱ የሚነሳው ገበሬ ኑሮ ቢያንስ ወደነበረበት የሚመለስበት ዕቅድ በጽሑፍ ይጠየቃል። ያን ዕቅድ የሚያዘጋጁት ኮንሰልታንቶች ናቸው።

እዚህ ላይ የከተማ ዳር ነዋሪ የሚያውቀው ነገር ዋጋ ያወጣል። ጨረቃ ቤት ምን እንደሆነ ለማናችንም አይነገረንም። ካርታ የለውም፣ ግን ሰው ይኖርበታል፣ ልጆች ይማሩበታል፣ አንዳንዱ ቆጣሪ ሳይቀር አስገብቷል። በአገራችን የካሳ አዋጅ፣ በ1161/2011፣ ካሳ የሚያገኘው ሕጋዊ ባለይዞታ ነው። በዓለም ባንክ ደንብ ግን የተነሺዎች ቆጠራ ከመዘጋቱ በፊት እዚያ ይኖር የነበረ ሰው፣ ለመሬቱ ወረቀት ባይኖረው እንኳ፣ ለቤቱና ለንብረቱ ሊካስና እንዲቋቋም ሊረዳ ይገባል። ሁለቱ ሕጎች አንድ አይደሉም። ክፍተቱን ማን፣ ከየትኛው በጀት ይሸፍን የሚለው ጥያቄ ኮንሰልታንቱ ጠረጴዛ ላይ ይወድቃል። ቆጠራው የሚዘጋበት ቀን በይፋ ካልተነገረ ደግሞ በሳምንት ውስጥ አዲስ ቆርቆሮ ቤት ይበቅላል። ይህንን ከለንደን ሆኖ የሚገምት ሰው የለም።

ሌላው በር እዚሁ ከተማ ውስጥ ነው። የአፍሪካ ኅብረት አለ። እ.ኤ.አ. በ1958 የተቋቋመው የመንግሥታቱ ድርጅት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንም አለ። ሁለቱም በአጭር ጊዜ ውል ባለሙያ ይቀጥራሉ። የዓለም ባንክም ራሱ የሚቀጥራቸው የአጭር ጊዜ ኮንሰልታንቶች አሉት፤ ጣሪያው በአንድ የበጀት ዓመት 150 ቀን ነው። ስለዚህ በእሱ ብቻ ዓመቱን እሞላለሁ ማለት አይቻልም።

ማስታወቂያው ላይ ምኑን ላንብብ?

መጀመሪያ ቲኦአር የሚባለውን። ምን እንደሚሠራ፣ በስንት ቀን፣ ምን እንደሚረከቡ የሚዘረዝር ሰነድ ነው። ብዙ ሰው ዘሎ ወደ ብቃት መስፈርቱ ይሄዳል። ቀድሞ መታየት ያለበት ቀኑና ሥራው መመጣጠኑ ነው። ሦስት ክልል ዞሮ፣ 600 ቤተሰብ ጠይቆ፣ በ25 ቀን ሪፖርት ይረከብ የሚል ካያችሁ ጻፊው ሜዳ ወርዶ አያውቅም፤ ወይም ሥራው አስቀድሞ ለሌላ ሰው ታስቧል።

ቀጥሎ ነጥብ አሰጣጡ። ፕሮፖዛል በሁለት ፖስታ ይገባል፤ ቴክኒካልና ፋይናንሻል። ክብደቱ ብዙ ጊዜ 80 ለ20 ወይም 70 ለ30 ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ አይደለም። ሀ በቴክኒክ 90 አግኝቶ 1.2 ሚሊዮን ብር ጠየቀ እንበል። ለ 80 አግኝቶ 800 ሺህ ጠየቀ። በዋጋ ትንሹን የጠየቀ ሙሉ ነጥብ ያገኛል፤ ሌላው በንጽጽር ይሰላለታል። በ80 ለ20 ሀ 85.3፣ ለ 84 ያመጣሉ። ሀ አሸነፈ። በ70 ለ30 ሀ 83፣ ለ 86። ለ አሸነፈ። ሰዎቹም ሥራውም ያው ናቸው። ስለዚህ ዋጋ ከመስበራችሁ በፊት ክብደቱን እዩ።

ሲቪ መዋስ የሚባል ነገርም አለ። አንድ ድርጅት "ሲቪህን ላክልን፣ ለጨረታ ነው" ይላል። ስምህ ጨረታውን ያሸንፍለታል፤ ሥራው ሲጀመር ግን በቦታህ ርካሽ ሰው ይገባል። አንተ ሰምተህ የምታውቀው በወሬ ነው። መድኃኒቱ ሲቪ ሲሰጥ ለየትኛው ጨረታ እንደሆነ፣ በየትኛው ቦታና በስንት ክፍያ እንደሆነ በኢሜይል ማስጻፍ ነው። ለማመልከቻ ወይም ለ"ምዝገባ" ብር በቴሌብር ላኩ የሚል ካለ ደግሞ አትድከሙ፤ አጭበርባሪ ነው።

ኤንጂኦ ከሆነ አንድ ሕግ እወቁ። በ1113/2011 አዋጅ መሠረት የድርጅቱ የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም። የእናንተ ክፍያ በየትኛው በኩል እንደተመዘገበ መጠየቅ ነውር አይደለም። ወደ አስተዳደር ከተመዘገበ ዓመቱ መጨረሻ ላይ "በጀት አለቀ" የሚለው ወሬ የመጀመሪያው መዳረሻ እናንተ ናችሁ።

ግብሩን ባጭሩ። ፈቃድና ቲን ያለው ኮንሰልታንት ሲከፈለው ትንሽ መቶኛ በቅድሚያ ይቀነስበታል፤ ዊዝሆልዲንግ የሚባለው ነው፣ በዓመቱ ሒሳብ ላይ ይታሰብለታል። በ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ፈቃድና ቲን ላላቀረበ ሰው ቅናሹ 30 በመቶ ነው። ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ደግሞ 15 በመቶ ጨምሮ ይጠይቃል። ፋይናንሻል ፕሮፖዛሉ ላይ "ታክስን ጨምሮ" የሚለው ሐረግ መኖር አለመኖሩን ሳያዩ መፈረም ክፍያውን 13 በመቶ ያህል መቁረጥ ሊሆን ይችላል።

የመጨረሻው ክፍያ "ሪፖርቱ ሲጸድቅ" ተብሎ ይጻፋል። ማን ያጸድቃል፣ በስንት ቀን? ብዙ ውል ላይ የለም። ሪፖርቱ ገብቶ፣ ኃላፊው መስክ ወጥቶ፣ ተመልሶ፣ ሌላ ሰው ተተክቶ፣ አዲሱ ሰው ከዜሮ አስተያየት ሲጀምር ስድስት ወር ይነጉዳል። ውሉ ከመፈረሙ በፊት አንድ አረፍተ ነገር እንዲገባ ጠይቁ፤ ሪፖርቱ በደረሰ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ አስተያየት ካልተሰጠ እንደጸደቀ ይቆጠራል የሚል። እምቢ ካሉ ቢያንስ የመጀመሪያው ክፍያ ከፍ እንዲል፣ የመጨረሻው እንዲያንስ ተደራደሩ።